«አምፕሊፋየሩ ‹ፑት ፑት› ይላል፣ የድሮ ጓደኞቼ ይስቃሉ»

ጥያቄ፦

ስሜ ይቆይ። የ37 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምሠራው አዳማ ውስጥ አንድ ፋርማሲ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት በፕላዝማ ዘመን ሲሆን በክፍላችን «ቀለሜው» እባል ነበር። ሌላው ኳስ ሲጫወት እኔ የጎረቤት ራዲዮ ፈትቼ እቀመጣለሁ። ኤሌክትሪካል ምህንድስና መርጬ ፋርማሲ ደረሰኝና ነገሩ በዚያው ቀረ። በቅርቡ እናቴ ቤት የዚያን ጊዜ ዕቃዎቼ ያሉበትን ካርቶን ሳገኝ ልቤ ተነሳሳ። ቀደም ሲል የአርዱይኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ኪት ገዝቼ ነበር፤ መብራቷን ብልጭ ድርግም ካደረግሁ በኋላ መሳቢያ ገባ። አሁን ኤል ኤም 386 በሚባል አይሲ (ባለ 8 እግር ትንሽ ጥቁር ቺፕ) ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ማለትም ድምፅ ማጉያ፣ ብሬድቦርድ (ዕቃ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ ሠርቻለሁ። ኃይል የሚያገኘው ከባለ 9 ቮልቷ ካሬ ባትሪ ነው። ከስልኬ ዘፈን ስሰጠው ትንሽ ይጫወትና «ፑት ፑት ፑት» ማለት ይጀምራል፤ አንዳንዴም ያፏጫል። ደጋግሜ አፍርሼ ብሠራውም ያው ነው። ባለቤቴ «ሳሎኑን ጋራዥ አደረግኸው» ትለኛለች። የ12 ዓመት ልጄ አጠገቤ መጥታ ትንሽ ታይና ወደ ስልኳ ትመለሳለች። የክፍላችን ልጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶውን ብልክ «ቀለሜው ዛሬም አልዳነም» ብለው ሳቁብኝ። ቀልድ መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ከውስጤ አልወጣም። በዚህ ዕድሜ ልቀጥል ወይስ ልተወው? ከቀጠልኩስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦

ይቀጥሉ። ከየት ለሚለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ ጠረጴዛዎ ላይ ካለው «ፑት ፑት» ይጀምሩ። ዘፈኑ ትንሽም ቢሆን ከተጫወተ ዋናው አሠራር ትክክል ነው ማለት ነው። አፍርሶ መሥራት ያልረዳዎትም ለዚህ ነው፤ ችግሩ ከአይሲው ይልቅ ባትሪው ዘንድ ሳይሆን አይቀርም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። የከበሮው ምት ሲመጣ አይሲው ድንገት ብዙ ከረንት ይስባል። ያረጀች ወይም ርካሽ ካሬ ባትሪ ደግሞ የራሷ የውስጥ ሬዚስታንስ አላት። 20 ኦም ነው እንበል፤ 100 ሚሊ አምፔር ሲሳብ 2 ቮልት እዚያው ባትሪው ውስጥ ይቀራል። አይሲው ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ ሲወርድ ያ መውረድ ወደ መግቢያው ክፍል ሾልኮ ራሱ እንደ ድምፅ ይቆጠራል፤ ይጎላል፤ የጎላው ደግሞ እንደገና ከረንት ይስባል። ባትሪዋ ትንሽ አርፋ ታገግማለች፤ ከዚያ ይደገማል። ይህ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ሲመላለስ ስፒከሩ «ፑት ፑት» ይላል።

እኛን ከማመንዎ በፊት ይለኩት። መልቲሜትሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገው ጥቁሩን ፒን 4 (ፒን ማለት የአይሲው እግር ነው)፣ ቀዩን ፒን 6 ላይ ያስነኩ፤ ግን ዘፈኑ እየተጫወተ እያለ። ሥራ ሳይዝ የተለካ ባትሪ ይዋሻል። ባዶውን 8.7 ያሳየው ዘፈን ሲጀመር ከ6 በታች ሊወርድ ይችላል። ፒን 1 የቱ እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆኑ የአይሲውን ጎድጓዳ ምልክት ወደ ግራ ያዙሩት፤ ከታች በስተግራ ያለው 1 ነው፤ ወደ ቀኝ 2፣ 3፣ 4 ብለው ከላይ ከቀኝ ወደ ግራ 5፣ 6፣ 7፣ 8 ይመለሳሉ። 8 ከ1 ፊት ለፊት ይቆማል።

ካሬዋን ባትሪ ይተውና በባትሪ መያዣ ውስጥ 6 ኤኤ ባትሪ ድንጋይ ይደርድሩ፤ እነሱም 9 ቮልት ናቸው፤ ከረንት የመስጠት አቅማቸው ግን ብዙ ይበልጣል። በ4 ድንጋይ፣ ማለትም በ6 ቮልትም፣ ይሠራል፤ ድምፁ ብቻ ይቀንሳል። የተለመደው ኤል ኤም 386ኤን-1 ከ4 እስከ 12 ቮልት ይቀበላል። በመቀጠል ከፒን 6 ወደ ፒን 4 አንድ ባለ 470 ማይክሮ ፋራድ፣ 16 ቮልት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚለቅ ዕቃ) ያስገቡ፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ባለ 100 ናኖ ፋራድ ሴራሚክ፣ ላዩ ላይ 104 የሚል የተጻፈበትን። ሁለቱም ለአይሲው እግር በ1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጉ። ትልቁ ከበሮው የሚጠይቀውን ከረንት አጠራቅሞ ይጠብቃል፤ ትንሹ ደግሞ ትልቁ የማይደርስበትን ፈጣን መርገብገብ ያፍናል። አንዱን ብቻ አድርጎ «አልረዳም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሦስተኛው ከፒን 7 ወደ ግራውንድ፣ ማለትም ፒን 4 ወደተያያዘበት የባትሪው ኔጋቲቭ መስመር፣ የሚሄድ 10 ማይክሮ ፋራድ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ ሥዕሎች ይህን ፒን ባዶ ይተዉታል፤ ሥራው ግን በትክክል የእርስዎን ችግር መከላከል ነው፣ የባትሪው መዋዠቅ ወደ መግቢያው ክፍል እንዳይገባ ያደርጋል።

ኤሌክትሮሊቲክ ላይ ጎኑ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ መስመር ያለበት እግር ኔጋቲቩ ነው። ተገልብጦ ከገባ ይሞቃል፣ አናቱ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ከካርቶኑ ያወጧቸው አሮጌዎች አናታቸው ካበጠ ሳያመነቱ ይጣሉ።

ፉጨቱ ሌላ ነገር ነው። ከፒን 1 ወደ ፒን 8 ባለ 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አስገብተው ከሆነ ይንቀሉት። እሱ ካለ ድምፁ 200 እጥፍ ይጎላል፤ ከሌለ 20 እጥፍ። ለማይክሮፎን 200 ያስፈልግ ይሆናል፤ ከስልክ ለሚመጣ ዘፈን ግን 20 ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል። በ200 እጥፍ ላይ የመውጫው ሽቦ በመግቢያው ሽቦ አጠገብ ካለፈ ድምፁ ራሱን መልሶ እየሰማ ያፏጫል። ስለዚህ የስፒከሩ ሽቦ በአንድ ወገን፣ የስልኩ ሽቦ በሌላው ወገን ይሁን፤ ሁለቱም አጭር ይሁኑ። ከፒን 5 ወደ ግራውንድ ባለ 10 ኦም ሬዚስተርና ባለ 47 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ተከታትለው ይግቡ፤ ሬዚስተሩ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር ነው፤ ካፓሲተሩ 473 ይላል። ብዙ ሰው «ያለ እነሱም ይሠራል» እያለ ይዘላቸዋል። ይሠራል፤ ግን ጆሮ በማይሰማው ድግግሞሽ እየተንቀጠቀጠ አይሲውን እያሞቀና ድንጋዩን እየጨረሰ ሊሆን ይችላል።

ቀሪው አጭር ነው። ከፒን 5 ወደ ስፒከሩ 220 ማይክሮ ፋራድ፣ ፖዘቲቩ ወደ ፒን 5። ስፒከሩ ጀርባው ላይ 8 ኦም የሚል ይሁን፤ 4 ኦም ከሆነ አይሲው ይግላል። መግቢያው ላይ የ10 ኪሎ ኦም የድምፅ መቆጣጠሪያ፦ የመሀሉ እግር ወደ ፒን 3፣ አንዱ ጫፍ ወደ ስልኩ፣ ሌላው ወደ ግራውንድ። ፒን 2ም ግራውንድ ነው። የስልኩን ግራና ቀኝ ሽቦዎች አንድ ላይ ጠምዝዘው አያገናኙ፤ አንዱ መውጫ ሌላውን ይገፋዋል። እያንዳንዳቸውን በ1 ኪሎ ኦም በኩል አሳልፈው ከዚያ ያገናኙ።

ይህም ሆኖ ዝም ካለ ፒን 5ን ይለኩ። ይህ አይሲ ራሱን የሚያስተካክለው በባትሪው ግማሽ ላይ ስለሆነ በ9 ቮልት ወደ 4.5 ገደማ ማሳየት አለበት። ወደ 0 ወይም ወደ 9 ተጠግቶ ከቀረ አንድ እግር ቦታውን ስቷል ወይም አይሲው ሞቷል። ግማሹን እያሳየ ድምፅ ከሌለ ስልኩን ነቅለው የድምፅ መቆጣጠሪያውን ከፍ ያድርጉና ከስልኩ የሚመጣውን ሽቦ ጫፍ በጣትዎ ይንኩ። ሰውነታችን በቤቱ ውስጥ ካለው የ50 ኸርዝ የመብራት መስመር ሳይነካውም ትንሽ ሞገድ ስለሚቀበል ስፒከሩ «ምምም» ይላል። ካለ አምፕሊፋየሩ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የስልኩ ሽቦ ላይ ነው። እግረ መንገዳችንን፦ ከረንት ለክተው ቀዩን የመልቲሜትር ገመድ 10 አምፔር ቀዳዳ ውስጥ ረስተው ቮልት ለመለካት ባትሪ ላይ ካሳረፉት ባትሪውን በቀጥታ ሾርት አደረጉት ማለት ነው። ከለኩ በኋላ ገመዱን ወደ ቦታው መመለስን ልማድ ያድርጉት።

ብሬድቦርዱንም ይጠርጥሩት። ረጃጅሞቹ ባለ 830 ቀዳዳዎቹ ላይ ከዳር ያለው የኃይል መስመር ብዙ ጊዜ መሀል ላይ የተቆረጠ ነው፤ ቀይና ሰማያዊ ቀለሙም እዚያ ላይ ይቋረጣል። ግራውንዱ በግራ በኩል፣ ስፒከሩ በቀኝ በኩል ሆኖ ሁለቱ ሳይገናኙ ሰዓታት የሚቃጠሉት በዚህ ነው። በአጭር ሽቦ ያገናኟቸው። ወፍራም እግር ያላቸውን ዕቃዎች ደግሞ በግድ አይሰኩበት፤ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ አንዴ ከሰፋ ቀጭን ሬዚስተር አይጨብጥም።

ብሬድቦርዱ ላይ ሳያጉረመርም ሲዘፍን ከዋለ ቀዳዳ ባለው ቦርድ ላይ ይበይዱት። እዚህ ላይ ነው የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሚሆኑት፤ አይደንግጡ። በ1990ዎቹ ማብቂያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት የኦምን ሕግ በእንግሊዝኛ አስረድቶ፣ መልመጃውን በተቆጠረ ደቂቃ አሠርቶ ያልፋል። ሬዚስተር በእጁ ሳይዝ ስለ ሬዚስተር ማትሪክ የተፈተነ ትውልድ ስለሆናችሁ ጭንቅላትዎ ከእጅዎ በብዙ ዓመት ይቀድማል። ስሌቱ በሰከንድ መጥቶ ብየዳው ሲንጠባጠብ የሚበሳጩት ለዚህ ነው።

መበየጃው 220 ቮልት ላይ የሚሰካ፣ 30 ወይም 40 ዋት፣ ጫፉ ሾል ያለ ይሁን። ሊዱ 60/40 ወይም 63/37 የሚል፣ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውስጡ ፍላክስ (መዳቡን አጽድቶ ሊዱ እንዲጣበቅ የሚረዳ ነገር) ያለው። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን አሲድ ያለበት ፔስት አያቅርቡት፤ በወራት ውስጥ መዳቡን ይበላዋል። ጫፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጠርገው ትንሽ ሊድ ያቅምሱት። ከዚያ ጫፉን የዕቃውን እግርና የቦርዱን መዳብ በአንድ ጊዜ እንዲነካ አድርገው 2 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ሊዱን የሚያስነኩት መበየጃውን ሳይሆን መገናኛውን ነው። በራሱ ሲቀልጥ ዙሪያውን ይፈሳል። መጀመሪያ ሊዱን፣ ቀጥሎ መበየጃውን ያንሱ፤ እስኪረጋ አይነቅንቁት። ሊዱን መበየጃው ጫፍ ላይ አቅልጦ እንደ ቅባት መቀባት የሁሉም ጀማሪ ልማድ ነው፤ ፍላክሱ መንገድ ላይ ተቃጥሎ ያልቅና ሊዱ አይጣበቅም። ጥሩው ብየዳ የሚያንጸባርቅ፣ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። ድፍን ኳስ መስሎ ከተቀመጠ ቀዝቃዛ ብየዳ ነው፤ ዛሬ ይሠራል፣ ሳምንት ይቋረጣል። ጫፉ ሲጠቁር በሞረድ አይፋቁት፤ ላዩ ላይ ያለው ልባስ ከተነሳ መጣል ነው ዕጣው።

ከአሮጌው ካርቶን ምን ይጠቅማል? ስፒከሩ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው (ሲዞር «ክሽሽ» ካላለ)፣ የራዲዮው ጥቁር የፌራይት ዘንግ ከነጥቅሉ፣ መቃኛው ካፓሲተር። በመብራት የሚሠራ የቴሌቪዥንና የቻርጀር ውስጥ ግን ለጊዜው እጅዎን አያስገቡ። 220 ቮልት ወደ ዲሲ ሲለወጥ 310 ገደማ ይሆናል፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የቀረውን ከመርካቶ ወይም እዚያው አዳማ ካሉ የራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኞች ያገኛሉ። ዝርዝሩን በቁጥር ጽፈው ይሂዱ፤ «ካፓሲተር ስጡኝ» ያለ ሰው የተገኘው ነው የሚሸጥለት። ባለሙያነትዎም እዚህ ያግዝዎታል፦ ባዶ የመድኃኒት ፖስታዎች ላይ «10 ኦም»፣ «47 ናኖ» ብለው ጽፈው ዕቃዎቹን በየፖስታው ይክተቱ። ከተደበላለቀ ክምር ውስጥ ሬዚስተር መፈለግ ነው ብዙዎችን ከዚህ ነገር የሚያስወጣቸው።

አርዱይኖው መሳቢያው ውስጥ ይቆይ። መጥፎ ሆኖ አይደለም። እርስዎን የሚስብዎት ድምፅ ከዕቃ ውስጥ ሲወጣ ማየት ነው፤ ኪቱ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስጽፈው ኮድ ነው። ከሌላ ሰው የተቀዳ ኮድ መብራት ቢያበራ የሚነግርዎት ነገር የለም፤ የተሰላቹት ለዚህ ነው።

ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። ሊድ የሚቀልጥበት ጠረጴዛ ምግብ አይቀርብበትም፤ ጭሱም ለማንም አይበጅም። ከ40 በ60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ ይፈልጉ፤ መሣሪያው ሁሉ እሱ ላይ ይኑርና ሲጨርሱ ከነጣውላው ተነስቶ ቁም ሳጥን ላይ ይውጣ። መስኮት ከፍተው ይበይዱ፤ ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የተቆረጡ የሽቦ ጫፎች ምንጣፍ ላይ እንዳይበተኑ በፒንሳ ሲቆርጡ ጫፉን በሌላው እጅ ይያዙት። «ጋራዥ» የሚለው ነገር ከዚህ በኋላ ካልቆመ ጠቡ ስለ ሳሎኑ አይደለም፤ ስለ ምሽቱ ሰዓት ነው፤ በሱ ላይ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ።

ልጅዎ መጥታ የምትመለሰው የሚታያት የአባቷ ጀርባ ብቻ ስለሆነ ነው። የምትይዘው ነገር ይስጧት። ስፒከሩን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው በእጇ ያስይዟትና አንድ 1.5 ቮልት ድንጋይ በሁለት ሽቦ ለአንድ አፍታ ታስነካው። «ጠብ» ይላል፣ ወረቀቱም ብቅ ይላል። ሽቦዎቹን ብታቀያይር ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያው ላይ ድምፅ ምን እንደሆነ አየች ማለት ነው። ይዛ እንዳትቆይ ግን ይንገሯት፤ ወደ 200 ሚሊ አምፔር ስለሚሄድ ጥቅሉ ይሞቃል። ጥቂት የጤፍ ፍሬ ወረቀቱ ላይ ጣል ቢያደርጉና ዘፈን ቢከፍቱለት ደግሞ ከስልኳ የተሻለ ትርኢት ነው። ስትሰለች ትሂድ፤ አይጥሯት። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ለእርስዎ አለመድረሱን እሷ የምትክሰው ዕዳ እንዳይመስላት ይጠንቀቁ፤ ልጆች ይህን ከአባታቸው ድምፅ ይለያሉ።

ወደ ክፍል ጓደኞችዎ እንምጣ። ቀለሜ የሚባል ልጅ ሁለት ወቅት ነበረው። ዓመቱን ሙሉ ብቻውን ነው፤ ፈተና ሲቃረብ ሁሉም አጠገቡ ለመቀመጥ ይሻማል፤ ሂሳቡን ያስጠናል፣ ይኮረጅበታል፣ ከፈተና በኋላ ደግሞ ሰላምታውም ይቀራል። አሁን የቆየብዎት ቀልዱ ብቻ ነው ብለን አናምንም፤ ያ ወቅት መለስ ብሎ ነው። ቢሆንም ብዙ ሰው ያለበት ግሩፕ እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚያወራርዱበት ቦታ አይደለም። የሽቦ ክምር ፎቶ ሲያይ ማንም ይስቃል፤ ምን እንደሆነ አያውቅማ። ስለዚህ የግሩፑን ማሳወቂያ ለጊዜው ያጥፉና አምፕሊፋየሩ ሠርቶም ቢሆን «አያችሁ!» ብለው አይላኩ። ይልቅ ከዚያ ክፍል አብሯችሁ ራዲዮ ይፈታ የነበረ፣ ወይም ቢያንስ ቆሞ ያይ የነበረ አንድ ሰው አይጠፋም። ለሱ ለብቻው ይጻፉለት። የልጅነት የትርፍ ጊዜ ሥራ የሚያስቸግረው በትልቅነት ብቻውን ሲሆን ነው፤ ፒን 7 ላይ ምን እንዳደረጉ የሚጠይቅዎ አንድ ሰው ካለ በቂ ነው።

አምፕሊፋየሩ ሳጥን ውስጥ ከገባ ቀጣዩ ሥራ ራዲዮ ይሁን። የፌራይት ዘንጉንና መቃኛውን ካፓሲተር ከአንድ ራዲዮ የወጡትን አንድ ላይ ይጠቀሙ፤ ተመጣጥነው የተሠሩ ስለሆነ ከሌላ ጋር ቢያቀያይሯቸው መቃኛው ጣቢያዎቹ ያሉበትን ክልል ይስታል። ከሞገዱ ውስጥ ድምፁን የሚለየው ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ጀርማኒየም ይሁን፤ ወደ 0.3 ቮልት ላይ መሥራት ሲጀምር ተራው ሲሊከን እስከ 0.6 ድረስ ደካማውን ጣቢያ ይውጠዋል። ከዳዮዱ ወደ አምፕሊፋየርዎ መግቢያ ነው የሚሄደው፤ 10 ማይክሮ ፋራዷን ከፒን 1 ወደ ፒን 8 የሚመልሷት ያኔ ነው። ሲመሽ ይሞክሩት፤ ቀን ላይ የመካከለኛ ሞገድን የሚውጠው የከባቢ አየር ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚሳሳ ሩቅ ያሉ ጣቢያዎች ይገባሉ።

ካፓሲተሮቹን ካስገቡ በኋላ «ፑት ፑት» ካልጠፋ ዘፈኑ እየተጫወተ የፒን 5ንና የፒን 6ን ቮልት ለክተው፣ የድንጋዮቹን ብዛትና የስፒከሩን ኦም ጨምረው ይጻፉልን። ፎቶም ካለ ከላይ በኩል የተነሳ ይሁን፤ የሽቦዎቹ መነሻና መድረሻ ይታየን።